የሥራ ሶፍትዌሮችን ወደ ክላውድ ለማዛወር የሚያገለግሉ ስልቶችና መመዘኛዎቻቸው

አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ፣ የፋይናንስ፣ የንብረትና የመዝገብ ሥራዎቹን የሚያከናውንባቸውን ሶፍትዌሮች በራሱ ሰርቨር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በኔትወርክ በሚቀርብ የጋራ የኮምፒውተር አቅም ላይ እንዲሠሩ ሲያደርግ ወደ ክላውድ ማዛወር ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጓሜ አገልግሎቱን በሦስት ከፍሎታል። እነዚህም የመሠረተ ልማት፣ የፕላትፎርምና የሶፍትዌር አገልግሎቶች ናቸው።

የምርምርና የማማከር ድርጅት የሆነው ጋርትነር እ.ኤ.አ. በ2010 አምስት የማዛወሪያ አማራጮችን አቅርቧል። አማዞን ዌብ ሰርቪስስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ስድስት ስልቶችን ዘርዝሯል። ስድስቱም በሚከተለው መልኩ ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ጥቅም የማይሰጠውን ሶፍትዌር ማስወገድ ነው። ሁለተኛው ለመዛወር ያልደረሰውን ባለበት ማቆየት ነው። ሦስተኛው ሶፍትዌሩን ሳይቀይሩ እንዳለ ማዛወር ሲሆን፣ ፈጣን ቢሆንም የቆዩ ችግሮችን አብሮ ይወስዳል። ክፍያው በአጠቃቀም መጠን የሚሰላ በመሆኑም፣ ሌሊትና ቀን ያለ ሥራ የሚበራ ሰርቨር ወጪን ያንራል። አራተኛው እንደ መረጃ ቋት ያሉ ክፍሎችን ብቻ አስተካክሎ ማዛወር ነው። አምስተኛው ነባሩን ሶፍትዌር በዝግጁ አገልግሎት መተካት ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቱን የአሠራር ሥርዓት ከአገልግሎቱ ጋር ማጣጣምን ይጠይቃል። ስድስተኛው እንደገና መገንባት ነው፤ ከሁሉም የላቀ ጊዜ፣ ገንዘብና ባለሙያ የሚፈልገውም ይኸው ነው።

በግሉ ዘርፍ ተጠቃሽ የሆነው የኔትፍሊክስ ተሞክሮ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ ሳይችል ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን እንዳለ ከማዛወር ይልቅ እንደገና መገንባትን መርጧል። ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሲሆን፣ ሰባት ዓመታት ያህል ፈጅቷል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ተሞክሮም ለመንግሥት ተቋማት ትምህርት ሰጪ ነው። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 «ክላውድ ይቅደም» የሚል ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን «ብልህ ክላውድ» በተሰኘ ስትራቴጂ ተክቶታል። አዲሱ ስትራቴጂ በደህንነት፣ በግዥና በሰው ኃይል ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች ያሏቸውን ሶፍትዌሮች እየመረመሩ አላስፈላጊዎቹን እንዲቀንሱ ያሳስባል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች እንደሚታየው ስልት የሚመረጠው ለመሥሪያ ቤቱ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ተግባር የሶፍትዌሮችን ዝርዝር ማዘጋጀትና የእያንዳንዱን ተጠቃሚ፣ ወጪና ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ያለውን ግንኙነት መመዝገብ ነው። በመቀጠል የሚያዘው መረጃ በሚስጥራዊነቱ ደረጃ ይመደባል። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዜጎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት በዚህ ረገድ ሊያገናዝቡት የሚገባ ሕግ ነው።

የኔትወርክ መስመር አስተማማኝነትም በቅድሚያ መፈተሽ አለበት። መስመሩ ሲቋረጥ በክላውድ ላይ ያለ አገልግሎት ለባለጉዳይ ሊደርስ አይችልም። ከአቅራቢው ጋር የሚገባው ውል ደግሞ መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ አያያዝንና ውሉ ሲያበቃ መረጃውን መልሶ የመረከቢያ ሥርዓትን በግልጽ መደንገግ ይኖርበታል።

ዝውውሩ ቢስተጓጎል ብዙ ጉዳት በማያደርስ አነስተኛ ሶፍትዌር መጀመር፣ ውጤቱንም ገምግሞ ወደ ደመወዝና ፋይናንስ መሸጋገር ተመራጭ ነው። ነባሩ ሥርዓትም የአዲሱ ትክክለኛነት እስኪረጋገጥ ድረስ ጎን ለጎን ሊሠራ ይገባል።