ዓመታዊው ትርኢት ከከተማ መሃል ይውጣ ወይስ ይቆይ? ዘመናትን ያስቆጠረው የእንግሊዝ ከተሞች ክርክር

በእንግሊዝ አገር በሚገኙ በርካታ ከተሞች በዓመት አንድ ጊዜ ዋናው ጎዳና ለተሽከርካሪ ዝግ ይሆናል። በአስፋልቱ ላይ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች፣ የዒላማ መምቻዎችና የጣፋጭ መሸጫ ድንኳኖች ይተከላሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉም ተነቅሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይጓዛል። እንግሊዛውያን ይህን ትርኢት «ፌር» ይሉታል። ለአንዳንዱ ነዋሪ የአባቶች ቅርስ ነው፤ ለሌላው ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳና ገበያ የሚያውክ ጭንቅ ነው። ትርኢቱ በከተማ መሃል ይቀጥል ወይስ ወደ ዳር ይውጣ የሚለው ክርክርም ትውልድ ሲያልፍ አብሮ አላለፈም።

መነሻው ገበያ ነው

ዛሬ የጨዋታ ስፍራ የሆነው ትርኢት ጥንት የግብርና ምርት፣ የከብትና የጨርቅ ገበያ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ዓመታዊ ገበያ የማቆም መብት የሚገኘው በአብዛኛው ከንጉሡ ነው። መብቱ «ቻርተር» በተባለ ደብዳቤ ይሰጣል። የተሰጠው ወገንም ከነጋዴው ቀረጥ ይሰበስባል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የቅዱስ በዓል ጋር ይያያዛል።

የኖቲንግሃም ከተማ «የዝይ ገበያ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1284 በሰጡት ቻርተር የከተማዋ ዓመታዊ ገበያ ተጠቅሷል። ስያሜውን ያገኘው ከሩቅ አውራጃዎች እየተነዱ ለሽያጭ ከሚመጡት ዝይዎች ነው። ዝይዎቹ ረጅሙን መንገድ እንዲችሉ እግራቸው በሬንጅና በአሸዋ ይለበጥ እንደነበር ይነገራል። ገበያው በአይብም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1766 የአይብ ዋጋ በመናሩ ሕዝቡ ተቆጥቶ ሁከት ተነሣ፤ ትልልቅ የአይብ ክቦችም በጎዳና ላይ ተንከባለሉ።

ሌላው ዓይነት የሠራተኛ መቅጠሪያ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1348 የገባው ታላቅ ወረርሽኝ የሰው ጉልበት እጥረት አስከተለ። የሳልሳዊ ኤድዋርድ መንግሥትም በ1351 ደመወዝን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ቅጥር በዓመት አንድ ቀን በአደባባይ የመፈጸም ልማድ ከዚህ ሕግ ጋር ተያይዞ ይነሣል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ እረኛው የበግ ጸጉር፣ ጋሪ ነጂው የጅራፍ ገመድ፣ የቤት ሠራተኛዋ መወልወያ ይዘው ይቆማሉ። ገበሬው መርጦ ትንሽ ሳንቲም በእጃቸው ሲያኖር የአንድ ዓመት ውል ይታሰራል። የስትራትፎርድ አፖን ኤቨን ከተማ የጥቅምት ትርኢት የዚህ ልማድ ቅሪት ነው።

የባቡር ሐዲድና ቋሚ ሱቆች ሲስፋፉ ዓመታዊው ገበያ ለንግድ ያለው ጥቅም ቀነሰ። ቀድሞ በገበያው ዳር የነበረው ጨዋታ ግን መሃሉን ያዘ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በእንፋሎት ኃይል የሚሽከረከሩ መጫወቻዎች መጡ፤ ሕዝቡም ለመዝናናት መጉረፉን ቀጠለ።

የሁለቱ ወገኖች ሙግት

ትርኢቱ ከመሃል ይውጣ የሚሉት ወገኖች ጥያቄያቸው ተጨባጭ ነው። ሙዚቃውና የጄኔሬተሩ ድምፅ እስከ ምሽት ይዘልቃል። በጎዳናው ላይ ያሉ ሱቆች በራቸው በድንኳን ስለሚጋረድ የቀን ገቢያቸው ይቀንሳል። አውቶቡስ መንገድ ይቀይራል፤ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መተላለፊያም አሳሳቢ ይሆናል። በማግሥቱ ደግሞ ቆሻሻው ይቀራል።

ይቆይ የሚሉት ደግሞ ትርኢቱ ከጎዳናው ቀድሞ የመጣ ባለመብት እንጂ እንግዳ አይደለም ይላሉ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ገበያው ነው፤ ወደ ዳር ሜዳ ቢወጣ ስሙ ይቀራል፣ ትርጉሙ ግን ይጠፋል ባዮች ናቸው። መኪና የሌላቸው ቤተሰቦች በእግራቸው የሚደርሱበት መዝናኛ መሆኑንም ያነሣሉ።

በመካከል የትርኢት ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ሰዎች በተሽከርካሪ ቤቶች እየኖሩ ከከተማ ወደ ከተማ በተወሰነ የቀን ሰሌዳ ይዘዋወራሉ። አንድ መጫወቻ የሚተከልበት ቦታም በየቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ የአንድ ከተማ ትርኢት መቅረት ለእነርሱ የዓመት እንጀራ መጉደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ተንቀሳቃሽ መኖሪያዎችን የሚቆጣጠር ረቂቅ ሕግ በቀረበ ጊዜ ተሰባስበው ማኅበር መሥርተዋል። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ሕጉ ምን ይላል?

በቻርተር የተገኘ መብት በምክር ቤት ስብሰባ ብቻ በቀላሉ አይሻርም። ለዚህም ነው የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1871 የፌር ሕግን ያወጣው። ሕጉ በወጣበት ጊዜ የአካባቢው ዳኞች አስፈላጊነቱ ያበቃለትን ትርኢት ይዘጋ ዘንድ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያመለክቱ ነበር፤ ሚኒስትሩም በባለመብቱ ስምምነት ሊዘጋው ይችል ነበር። በዚህ ሕግ ብዙ ትናንሽ ገበያዎች ተዘግተዋል። ከደኅንነት አንጻር ደግሞ እያንዳንዱ መጫወቻ ማሽን በየዓመቱ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመር ይጠበቃል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መዝጋት ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1133 የተፈቀደው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ገበያ፣ ሥርዓት አልበኝነት በዝቶበታል ተብሎ በ1855 ተዘጋ።

ሁለተኛው ማዛወር ነው። የኖቲንግሃም የዝይ ገበያ በ1927 ለመጨረሻ ጊዜ በአሮጌው የገበያ አደባባይ ዋለ። የአዲሱ የምክር ቤት ሕንፃ ግንባታና የተሽከርካሪ መብዛት ስላጨናነቀው በ1928 ከመሃል ከተማ በስተሰሜን ወደሚገኝ ሰፊ ሜዳ ተዛወረ። በጊዜው ይህ ለውጥ ያልተዋጠላቸው ብዙ ነበሩ። ሆኖም ገበያው በአዲሱ ስፍራ ሰፋ እንጂ አልጠፋም።

ሦስተኛው ባለበት ማቆየት ነው። በኦክስፎርድ የቅዱስ ጊልስ ትርኢት በመስከረም መጀመሪያ፣ በሰኞና በማክሰኞ ብቻ፣ በስሙ በሚጠራው ሰፊ ጎዳና ላይ ይካሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዲዘጋ ብርቱ ግፊት ነበረ። የተረፈው ግን ቀኑ አጭር፣ ወሰኑም የታወቀ ሆኖ በመቆየቱ ጭምር ነው።

ከሦስቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ቀኑን፣ የመዝጊያ ሰዓቱን፣ የአምቡላንስ መተላለፊያውንና የጽዳት ኃላፊውን አስቀድሞ ካስታወቀ፣ ነዋሪው ለጥቂት ቀናት መታገሥ ይቀለዋል። እነዚህ ሳይወሰኑ በቀሩበት ቦታ ግን ቅሬታው ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ጥያቄው «የት ይሁን?» መሆኑ ቀርቶ «ይኑር ወይስ አይኑር?» ወደሚል ይለወጣል። እዚያ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ የለንደኑ ገበያ እንዳሳየው፣ የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜም ዋስትና አይሆንም።