በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሠራተኛ፦ የተርክኦፕቲኮን ታሪክና የተመራማሪው ኃላፊነት



እ.ኤ.አ. በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ ሰው በማሪያ ቴሬዛ ፊት ቼዝ የሚጫወት ማሽን አቀረበ። «ቱርኩ» የተባለው ይህ ማሽን ብዙዎችን አስደንቋል፤ ምሥጢሩ ግን በሣጥኑ ውስጥ የተሸሸገ ሰው ነበር። አማዞን በ2005 የከፈተውን የኢንተርኔት የሥራ ገበያ «ሜካኒካል ተርክ» ብሎ የሰየመው ከዚህ ታሪክ ወስዶ ነው። በገበያው ምስል መለየትን፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥን፣ መጠይቅ መሙላትን የመሳሰሉ ጥቃቅን ሥራዎች በየቤታቸው ላሉ ሰዎች ይከፋፈላሉ።

አሠሪው ሥራውን ከተረከበ በኋላ «አልተቀበልሁትም» ብሎ ክፍያ መከልከል ይችላል። ውድቅ የተደረገ ሥራ የሠራተኛውን መለኪያ ስለሚቀንስ ነገ የሚያገኘውንም ሥራ ያጠብበታል። አሠሪው ሠራተኛውን ይመዝናል፤ ሠራተኛው ግን አሠሪውን የሚመዝንበት መንገድ ገበያው አላዘጋጀለትም።

ሊሊ ኢራኒና ሲክስ ሲልበርማን አስቀድመው ሠራተኞቹን ስለ መብታቸው ጠየቁ፤ ከዚያም ተርክኦፕቲኮንን ሠሩ። ይህ ከድረ ገጽ ማሰሻ ጋር የሚያያዝ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ሠራተኞች አሠሪውን በአራት ነገሮች ይመዝኑበት ነበር፦ ለጥያቄ መልስ በመስጠቱ፣ በክፍያው ልክ፣ በፍትሐዊነቱና በጊዜው በመክፈሉ። ምዘናው ከአሠሪው ስም አጠገብ ስለሚታይ፣ አንዱ የደረሰበት በደል ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ባልንጀራው ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው ዋና ነገር፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ተሠርቶ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። የሐሰት ምዘና መለየት፣ ጠብ ማብረድ፣ ደንብ ማሻሻል የዕለት ተዕለት ድካም ይጠይቃል። ኅብረቱን ያቆየው ይህ ድካም ነው።

በ2014 ደግሞ ኒሉፋር ሳሌሂና ባልደረቦቿ ሠራተኞች በጋራ የሚመክሩበትን ዳይናሞ የተባለ መድረክ አዘጋጁ። ሠራተኞቹ በዚያ ካረቀቋቸው ሰነዶች አንዱ የተጻፈው ለእኛ ነው፤ ማለትም መጠይቅ ለምናሠራጭ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች። ማንነታችንን እንድንገልጽ፣ ሥራው የሚወስደውን ጊዜ በትክክል እንድንገምት፣ ተገቢ ክፍያ እንድንከፍል ይጠይቃል። እኛም በዚህ ገበያ አሠሪዎች ነን።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ገበያ መረጃ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ለአንድ ሰዓት ሥራ ስንት እንደ ከፈላችሁና የስንት ሰው ሥራ ውድቅ እንዳደረጋችሁ በጥናታችሁ የአሠራር ዘዴ ክፍል እንድትጽፉ አደራ እላለሁ። አንባቢ በሣጥኑ ውስጥ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።