ከየት ተነሥቶ ይለካል? የሜኑ ሥፍራ ታሪክ ከጣና ዳር ሲታይ

በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ሐይቅ ጠርዝ ላይ፣ የውሃውን ከፍታ ለማንበብ የተተከለ ባለ ቁጥር መለኪያ አለ። ተመልካቹ ቀርቦ ውሃው የነካውን ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሐይቁ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ሁላችንም ተምረናል። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይጣሉም። አንደኛው የተለካው ከመለኪያው ዜሮ ተነሥቶ ሲሆን ሁለተኛው የተለካው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው። የመለኪያው ዜሮ ከባሕር ወለል በላይ በስንት ሜትር ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው፣ ሁለቱን ደምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ይህን የማያውቅ ግን፣ ንባቡ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ውሃው የት እንዳለ ለሌላ አገር ሰው ሊያስረዳ አይችልም።

ስለ ኮምፒዩተር በሚያትት ጽሑፍ መግቢያ ላይ የውሃ መለኪያ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ ሲታይ ትንሽ ነው። በአንድ ፕሮግራም መስኮት ላይ ከተደረደሩት ቁልፎች አንዱ ሲነካ፣ የትእዛዞቹ ዝርዝር፣ ማለትም ሜኑው፣ ልክ ከዚያው ቁልፍ ሥር እንዴት ይከፈታል? ተጠቃሚው ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር ቆጥሮ ያልፈዋል። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ግን፣ ልክ እንደ ሐይቁ መለኪያ አንባቢ፣ «ከየት ተነሥቶ ይለካል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ከዚያ ሊደርስ አይችልም። የዚህ ጥያቄ ታሪክ እንደሚከተለው ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 በካሊፎርኒያ ማውዝን ለሕዝብ ባሳየበት ጊዜ፣ ሰው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በመጠቆምም ከኮምፒዩተር ጋር ሊግባባ እንደሚችል ታወቀ። በ1973 የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል አልቶ የተባለውን ኮምፒዩተር ሠራ። በዚያው ማእከል በተፈጠረው ስሞልቶክ በተባለው የፕሮግራም ሥርዓት፣ ሜኑው ይከፈት የነበረው ማውዙ በቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ የሥፍራ ጥያቄ ብዙም አላስቸገረም፤ ጠቋሚው ያለበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና። በ1983 የወጣው የአፕል ሊዛና በ1984 የተከተለው ማኪንቶሽ ሌላ መንገድ መረጡ። ሜኑው በስክሪኑ አናት ላይ በተዘረጋ አንድ ረድፍ ውስጥ ተቀመጠ፤ ወደ ታችም ይወርድ ጀመር። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪን በወርድ 512፣ በቁመት 342 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። አንድ ስክሪን፣ አንድ የሜኑ ረድፍ፣ አንድ መነሻ ማእዘን፤ ሁሉም ከላይኛው ግራ ማእዘን ተነሥቶ ይለካ ነበር።

በ1985 የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ መስኮት የራሱን የሜኑ ረድፍ ያዘ። ከዚህ የተነሣ መነሻው አንድ መሆኑ ቀረ። መስኮት ይንቀሳቀሳል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ እያንዳንዱም የራሱ ዜሮ አለው። ከዚያም በሜኑው ረድፍ ሥር ሥዕል የያዙ ቁልፎች የተደረደሩበት ሌላ ረድፍ ተጨመረ። ይህንን በአማርኛ «የመሣሪያ አሞሌ» ይሉታል። አሞሌ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው የጨው ዘንግ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ስያሜው ደስ ያሰኛል። ከዊንዶውስ 95 ጋር፣ በ1995፣ ይህ አሞሌ ለማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ዕቃ ሆነ። ቆይቶም ከአንዳንዶቹ ቁልፎች ጎን ወደ ታች የምትመለከት ትንሽ ቀስት ታየች፤ ስትነካ ከቁልፉ ሥር ሜኑ ትከፍታለች።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዊንዶውስ አሠራር አሞሌው ራሱን የቻለ መስኮት ሲሆን በላዩ የተደረደሩት ቁልፎች ግን መስኮቶች አይደሉም፤ በአሞሌው ላይ የተሣሉ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ «አንተ ቁልፍ፣ በስክሪኑ ላይ የት ነህ?» ብሎ ቁልፉን በቀጥታ መጠየቅ አይቻልም። የሚጠየቀው አሞሌው ነው። አሞሌውም የቁልፉን አራት ጠርዞች ከራሱ ማእዘን ለክቶ ይሰጣል። ሜኑውን የሚከፍተው ትእዛዝ ደግሞ የሚፈልገው ከስክሪኑ ማእዘን የተለካውን ቁጥር ነው። ባለሙያው የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚለውጥ አገልግሎት አለው፤ መጥራት ግን የእርሱ ድርሻ ነው። ከለወጠ በኋላ የቁልፉን ግራ ጠርዝና የታችኛውን ጠርዝ ወስዶ ሜኑውን ከዚያ ያስጀምረዋል። መለወጡን ከረሳው ሜኑው ከስክሪኑ ላይኛ ግራ ጥግ አካባቢ፣ ከቁልፉ ርቆ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይከፈታል።

ይህን የመሰለው ጥያቄ ለአገራችን ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ከ1958 እስከ 1964 የአባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ትብብር ሲጠና፣ ለካርታው መሠረት የሆነው ልኬት አዲንዳን ከተባለ፣ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ ነጥብ የተነሣ ነበር። ዛሬ በእጃችን የያዝነው የሳተላይት መለኪያ ደግሞ የሚነሣው ከምድር እምብርት ነው። ለአንድ ቦታ ከሁለቱ የሚገኙት ቁጥሮች ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። የቆየውን ካርታ ከአዲሱ መለኪያ ጋር ሳይለውጥ ያቀላቀለ ሰው ጉድጓዱን ከጎረቤቱ ማሳ ሊያስቆፍር ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ ያለው መሻገሪያውን በመዝለል ላይ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስና፣ መነሻው ከታወቀ በኋላ የሚመጣው የዳር ጥያቄ ነው። የከተማችን ስም እንደሚያስታውሰን ዳር ማለት አንዱ ነገር የሚያልቅበት ነው። ቁልፉ ከስክሪኑ ግርጌ አጠገብ ቢሆን ሜኑው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አይኖረውም፤ ስለዚህ ወደ ላይ መከፈት አለበት። ወደ ላይ ሲከፈት ደግሞ ቁልፉን ራሱን እንዳይሸፍን ያስፈልጋል። ለዚህም ነው በዊንዶውስ ውስጥ ባለሙያው የቁልፉን ጠርዞች ሰጥቶ «ይህን አትሸፍን» የሚልበት መንገድ የተዘጋጀው። በ1998 ከዊንዶውስ 98 ጋር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ ስክሪን መጠቀም ሲቻል ዳሩ ራሱ በዛ። ከዋናው ስክሪን በስተግራ የተቀመጠ ሁለተኛ ስክሪን ላይ ያለ ነጥብ በአግድም ሲለካ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል።

የዚህን ሕግ ዋጋ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የተማረው በራሱ ስሕተት ነው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለመዝገብ አያያዝ የሠራውን ፕሮግራም ለሠራተኞቹ ሊያሳይ ኮምፒዩተሩን በግድግዳ ላይ ከሚያበራ ፕሮጀክተር ጋር አገናኘ። በፕሮግራሙ ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሁሉ ስሕተት መስሎት ወደ ዜሮ እንዲለወጥ አድርጎ ነበር። በግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ ሲነካ፣ ሜኑው በግድግዳው ላይ ሳይሆን ማንም በማያየው በትንሹ ስክሪን ላይ ተከፈተ። አንዲት ጠና ያሉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁልፉን ደጋግመው ከነኩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር እኛን አይሰማም፤ የእኛው መዝገብ ይሻላል» አሉ። ስሕተቱ በማግሥቱ ታረመ። የእርሳቸውን እምነት ለመመለስ ግን ወራት ፈጀ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ በትንሽ ነጥብ ላይ የተሠራ ጉድለት በሙያው ሁሉ ላይ እምነት ያሳጣል።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ቁም ነገር አለ፤ እርሱም ፊደላችን ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ አማርኛ ለመጻፍ አስቻሉ። ሆኖም ፊደሉ ለላቲን በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የተጫነ ስለነበር፣ ደብዳቤው በአማርኛ ሲጻፍ ሜኑው በእንግሊዝኛ ቀረ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በይፋ አካተተ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሜኑውን ራሱን በአማርኛ መጻፍ ተቻለ።

ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ቃል የተለካ ሜኑ ለአማርኛ ቃል አይበቃም። የእኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከላቲኑ ሰፋ ያለ ነው። «አስቀምጥ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው ልክ በተሰፋ ቦታ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው ይቆረጣል፤ «አትም» የሚለው ደግሞ ባዶ ቦታ ያስተርፋል። መፍትሔው ወርዱን በግምት መወሰን ሳይሆን ቃሉን በራሱ ፊደል ለክቶ ሜኑውን በዚያ ልክ መሥራት ነው። ሌላም አለ። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ በእነርሱ መስኮት ሜኑው ከቁልፉ ቀኝ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ግእዝ የእነርሱ ዘመድ ከሆነ ቋንቋ ጋር ቢያድግም አጻጻፉ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ሜኑ ከግራ ጠርዝ ይነሣል። ከውጭ የመጣን ፕሮግራም ለአማርኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ «የሴም ቋንቋ ነው» በሚል ብቻ ገልብጦት እንዳይገኝ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ሦስት ነገር ነው። ቁጥር ሲሰጣቸው ከየት ተነሥቶ እንደተለካ ይጠይቁ። ሜኑው ዳር ሲደርስ ወዴት እንደሚዞር አስቀድመው ይወስኑ። የሚለኩትንም በተጠቃሚው ቃልና ፊደል ይለኩ። ክረምቱ ሲወጣ ጣና ይሞላል፤ በጋው ሲገፋ ይጎድላል። መለኪያውን የሚያነበው ሰው ግን ዜሮው የት እንደተተከለ እስካልረሳ ድረስ፣ ውሃው የቱንም ያህል ቢወጣና ቢወርድ አይሳሳትም።