ጅማ፣ ቡናና የቢሮ ትምህርት

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ የቡና ንግድ ያለ ጸሐፊ አይሄድም። ሰብሳቢው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀውን ቡና፣ ከገበሬው ይረከባል፣ ለአቅራቢው ያስረክባል፤ በየመካከሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ መዝገብ ይሞላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን የቢሮ ትምህርታችን የታለመው ለቡና መጋዘን ሳይሆን ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነበር።

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከጣሊያን ወረራ የወጣው መንግሥት ቢሮዎቹን ገና ያደራጅ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ታይፕና ሂሳብ አያያዝ የሚያውቅ ወጣት በእጅጉ ይፈለግ ነበር። የአማርኛ ታይፕ ደግሞ ቀላል ሙያ አልነበረም፤ ከ200 በላይ የሆነው ፊደል በጥቂት ቁልፎች ስለማይበቃ ብዙው ሆሄ ከግንዱና ከቅጥያው ተገጣጥሞ ይመታ ነበር። በዚያ ላይ የደብዳቤው ሥርዓት አለ፦ ቁጥርና ቀን ከላይ፣ «ጉዳዩ» ከመሐል፣ «ግልባጭ» ከግርጌ። አንዷ ከጎደለች መዝገብ ቤቱ ይመልሰዋል።

ጅማ የሙያ ትምህርት ቤት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1952፣ በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ነበር፤ ይሁንና ግብርና የሚያስተምር ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ የቡና ቦርድ ሲቋቋም የፈቃዱና የደረጃው ወረቀት በዛ። አፈሩን የሚያውቅ ሰው በአጠገቧ እየሠለጠነ ወረቀቱን የሚያውቀው ከሩቅ መምጣቱ፣ በእኔ ግምት፣ የዕቅዱ ትልቁ ክፍተት ነበር።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የንግድ ትምህርት፣ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር በተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገባ። ያኔ ግን ሥራ ያጣ የተማረ ወጣት መታየት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛው ተማሪ አጭርና ለኑሮው የሚጠቅመውን ትምህርት እንዲያገኝ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ወላጅና መምህር «ልጆቻችንን ከወንበር ሊያርቁ ነው» ብለው ተረዱት። እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ሕዝቡ ትምህርትን የቢሮ መግቢያ አድርጎ ማየቱን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የጸሐፊነትና የቢሮ አስተዳደር ሥልጠና ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደሚሰጥ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ተዛወረ። አሁን የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፤ የሙያ ትምህርትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል እየተመለሰ ነው።

ስለዚህ የጅማን ሥርዓተ ትምህርት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ የሂሳብ መልመጃችሁን ከፈረሱላ ጀምሩት፦ 1 ኩንታል ጀንፈል፣ በ17 ኪሎ ሲካፈል፣ 6 ፈረሱላ አይሞላም። ልዩነቱን በመዝገብ ላይ የሚያይ ተማሪ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመጋዘን ደረሰኝም ማንበብ አያቅተውም።