ካምቢዮ ሲወርድ፦ የቴፒ መካኒኮችና ያልተጻፈው የቴክኖሎጂ ታሪካችን



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት ሳይሆን ስለ ካምቢዮ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቴፒ የቡና እርሻዎች መካከል ሲያገለግል የኖረ አሮጌ ላንድሮቨር ታሪኩ የማን ነው? አንድ ጊዜ የሠራው ፋብሪካ ነው ወይስ ደጋግሞ ከወደቀበት ያስነሣው መካኒክ?

ላንድሮቨር ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1948) ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር የአካሉ ልባስ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። የታሰበውም ለገበሬ ነበር። በአገራችን ደግሞ የዓለም ባንክ ብድር ከተገኘ በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። መኪናውና መንገዱ እንግዲህ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ እኩል ግን አልተራመዱም። ከጅማ ወዲያ በቦንጋና በሚዛን ተፈሪ አልፎ ቴፒ የሚደርሰው መንገድ ለረጅም ዘመን የክረምት ፈተና ሆኖ ቆይቷል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዝናቧ የበዛ አገር ናት። ቡናን የሚያለመልመው ዝናብ መንገዱን ይበላል፤ መንገዱም በተራው ካምቢዮን ይበላል።

እንዴት እንደሚበላ ላስረዳ። የጥንቱ ላንድሮቨር ወደፊት 4፣ ወደኋላ 1 ማርሽ አለው። ከኋላው ተያይዞ የተቀመጠው ማከፋፈያ ሳጥን ከባድና ቀላል የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች ስላሉት፣ በድምሩ ወደፊት 8፣ ወደኋላ 2 ይሆናል። ባለቀይ ራሱ ዘንግ ከባዱን ደረጃ ያስገባል፤ ባለቢጫው በቀላሉ ደረጃ የፊት ጎማዎችን ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስተኛው ትውልድ እስኪወጣ ድረስ ግን አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ የጥርሶችን ፍጥነት የሚያስተካክል መሣሪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ በመካከሉም ነዳጅ ሰጥቶ ፍጥነቱን ማመጣጠን ነበረበት። በጭቃ ዳገት ላይ ይህን በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚያደርግ ሰው አንድ ጊዜ ቢስት ማርሹ ይጮኻል፤ ብዙ ጊዜ ቢስት ጥርሱ ይሸረፋል። ውሎ አድሮም የገባው ማርሽ በራሱ እየወጣ ያስቸግራል።

ሌላም ስውር ጠላት አለ፤ ወንዝ ነው። በፍሪሲዮኑ ቤት ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ዘወትር ክፍት የምትሆነው የሚያንጠባጥብ ዘይት እንዲወጣባት ነው። ወንዝ ከመሻገር በፊት ግን በመድፈኛ ቡሎን መዘጋት አለባት፤ ከተሻገሩ በኋላም መከፈት አለባት። ሳትዘጋ ከቀረች ጭቃ ውኃ ይገባል፤ ሳትከፈት ከቀረች የተጠራቀመው ዘይት ፍሪሲዮኑን ያበላሻል። ይህችን ቡሎን የማሰብ ግዴታ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ በእጁ ላልገባ ረዳት ግን ትምህርቱ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። የዚህ መኪና ካምቢዮ የሚወጣው ወደ ላይ ነው። የወለሉ ቆርቆሮና የመቀመጫው ሳጥን ይፈታሉ፤ ከዚያ ካምቢዮው በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ በመኪናው ውስጥ በኩል ይነሣል። ጉድጓድ ወይም ማንሻ ማሽን የግድ አይደለም፤ ጠንካራ ቅርንጫፍና ጥቂት ክንድ ይበቃሉ። ንድፉ ሳያስበው ለዛፍ ጥላ ጋራዥ የተመቸ ሆነ ማለት ነው። የደቡብ ምዕራቡ መካኒክ ከሌላ መኪና ይልቅ ይህንን ለማዳን የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለታሪክ ተመራማሪ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ግን የሥራው ቋንቋ ይመስለኛል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሬን፣ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ በመነሻው «ለውጥ» ማለት ነው፤ ኩሽኔታ «ትንሽ ትራስ»። ጋራዥና ሾፌር ደግሞ ከፈረንሳይኛ ተገኙ። እንግሊዝ የሠራውን መኪና፣ በጣሊያን ቃላት፣ በአማርኛ ሰዋስው፣ በቤት ሸክኛ፣ ሸኮኛ ወይም ካፊኛ የሚናገር ወጣት ይፈታዋል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ የመፍቻው ስም ግን በመካኒኩ እጅ ቀረ። ይህ የመዋስ ብቻ ሳይሆን ባዕዱን ዕውቀት የራስ የማድረግ ታሪክ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰፋፊ የግል እርሻዎች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ የመኪናው ጉዳይ ሌላ መልክ ያዘ። የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ መለዋወጫም ይጠባል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ አንዱን መኪና ለሌላው አካል ማድረግ፣ ከዚያም አልፎ የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ መግጠም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተመረተው የላንድክሩዘር 40 ትውልድ ካምቢዮ ለዚህ ሲታጭ ሥራው ቡሎን በማጥበቅ አያልቅም። የሞተሩና የካምቢዮው ቀዳዳዎች ስለማይገጥሙ በመካከላቸው በቶርኖ የተስተካከለ የብረት ገበታ ያስፈልጋል። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ በሞተሩ መሐል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ኩሽኔታው ሙቀት በልቶት ያልቃል። ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ተቆርጦ ይበየዳል። ይህ ልክ በማንኛውም ፋብሪካ መመሪያ ውስጥ የለም። የሠራው ሰው ያውቀዋል፤ እርሱ ካለፈ ግን አብሮት ይቀበራል።

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ የፈጠራ ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀምና የጥገና ታሪክ መሆን እንዳለበት ተከራክሯል። ይህ ክርክር ለእኛ ከማንም በላይ ይመለከተናል። በፈጠራ ሚዛን ብቻ ከተመዘንን የመኪና ታሪክ የለንም፤ በጥገና ሚዛን ከተመዘንን ግን ሰፊ ታሪክ አለን።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ስለዚህ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዕድሜ ይረዝም ይሆናል፤ አዲስ የካምቢዮ ተማሪ ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ ክረምት ወደ ቴፒ፣ ወደ ሚዛን፣ ወደ ማሻ የምትሄዱ ሁሉ የጥገና ካርድ፣ የመለዋወጫ መጠየቂያና የጉዞ መዝገብ ከመጣላቸው በፊት ፈልጉ። ከዚያም በዘይት የጠቆረ እጅ ያላቸውን አረጋውያን በአክብሮት ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ የእጃቸውን ሥራ ለኩ፣ ንድፉንም ሣሉ። ነባር ዛፍ ሲወድቅ ቢያንስ ጉቶው ይቀራል፤ ያልተጻፈ ዕውቀት ሲወድቅ ግን ጉቶ እንኳ የለውም።