የካውንቲ አስተዳደርና የችግረኞች ርዳታ፤ የካሊፎርኒያ የታሪክ ምሳሌ

ችግረኛን የመርዳት ግዴታ የማን ነው? የዘመዱ ነው፣ የጎረቤቱ ነው፣ የአካባቢው ሹም ነው፣ ወይስ የማዕከላዊው መንግሥት? መንግሥት የሚባል ነገር ከቆመ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ኖሯል። በአሜሪካ የተሰጠው መልስ ግን ከብዙ አገሮች መልስ የተለየ ነው። በዚያ አገር ከሦስት ሺህ በላይ ካውንቲዎች ይገኛሉ፤ ካውንቲ ማለትም ከግዛቱ መንግሥት በታች ያለ፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። በአንዳንድ ግዛቶች የማኅበራዊ ርዳታውን ሥራ የሚያካሂዱት የግዛቱ መንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ እንደ ኒው ዮርክ፣ ኦሃዮ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ባሉት ግን ሥራው የካውንቲዎቹ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 58 ካውንቲዎች ያሏት የካሊፎርኒያ ታሪክ ሥልጣን፣ ገንዘብና ግዴታ እንዴት እንደሚለያዩ በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ለባለሙያ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1601 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው የድሆች ሕግ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች እንዲረዳ፣ ለዚህም ከባለ ንብረቶች ግብር እንዲሰበስብና የድሆች ተመልካች የሚባሉ ሹማምንትን እንዲሾም ያዝዝ ነበር። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰፋሪዎች ይህን ሕግ ይዘውት ሄዱ። ሦስት ሐሳቦችም አብረው ተሻገሩ፤ እነርሱም ርዳታ የአካባቢ ጉዳይ መሆኑ፣ ወጪው በንብረት ግብር መሸፈኑ፣ ተረጂውም የዚያው አካባቢ ነዋሪ መሆን ያለበት መሆኑ ናቸው። በ1824 የኒው ዮርክ ግዛት ካውንቲዎች የድሆች ማደሪያ ቤት እንዲሠሩ የሚያዝዝ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ የቀድሞው የአጥቢያ ሸክም ወደ ካውንቲ ተሸጋገረ።

ካሊፎርኒያም ግዛት ሆና በ1850 ከተቋቋመች በኋላ ብዙ ሳትቆይ ይህንኑ መንገድ ተከተለች። በ1855 የወጣው ሕግ ካውንቲዎች ለችግረኛ ሕሙማን ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቀደ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ በ1878 የራሱን ሆስፒታል ከፈተ፤ በ1888 ደግሞ የድሆች እርሻ የሚባለውን ተቋም አቋቋመ። በዚያ የሚኖሩት ሽማግሌዎች፣ አካለ ስንኩላንና ጧሪ ያጡ ሰዎች አቅማቸው በፈቀደ መጠን በእርሻው እየሠሩ ይተዳደሩ ነበር። ይህ ቦታ ኋላ ራንቾ ሎስ አሚጎስ ተብሎ የፖሊዮ ሕሙማን መታከሚያ ሆነ፤ ዛሬም በካውንቲው ሥር የሚገኝ የታወቀ የተሐድሶ ሕክምና ሆስፒታል ነው። የአንድ ተቋም ዕድሜ ብቻውን የርዳታን አስተሳሰብ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል።

የፌዴራሉ መንግሥት በዚህ ሁሉ ዘመን ከሩቅ ተመልካች ነበር። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዶሮቲያ ዲክስ የተባሉት የአእምሮ ሕሙማን ተሟጋች ለብዙ ዓመታት ከደከሙ በኋላ፣ ከፌዴራሉ መሬት ሰፊ ክፍል ተሸጦ ገንዘቡ ለሕሙማን መርጃ እንዲውል ምክር ቤቱን አሳመኑ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ግን በ1854 ሕጉን ሳይፈርሙ መለሱት። ምክንያታቸውም ሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉን መንግሥት የመላው አገር መጽዋች እንዲሆን አይፈቅድለትም የሚል ነበር። ከዚህ የተነሣ ለሰማንያ ዓመታት ያህል የድሃው ጉዳይ የግዛቶች፣ በተግባርም የካውንቲዎች ሸክም ሆኖ ቀረ።

ይህን ሥርዓት የሰበረው በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሥራ አጡ በበዛ መጠን ንብረቱ ዋጋ አጣ፤ ንብረቱ ዋጋ ባጣ መጠን ግብሩ ቀነሰ። ርዳታ ፈላጊው በሚበዛበት ሰዓት የርዳታው ምንጭ የሚደርቅ መሆኑ የአካባቢ ግብር ዋና ጉድለት ነው። በነሐሴ ወር 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለአረጋውያን፣ ለዓይነ ስውራንና ጧሪ ለሌላቸው ሕፃናት ለሚሰጠው ርዳታ የፌዴራሉ ግምጃ ቤት ድርሻውን እንዲከፍል አደረገ። ለአረጋውያን በወር እስከ 30 ዶላር ከሚሰጠው ርዳታ ግማሹን፣ ለሕፃናት ከሚሰጠው ደግሞ ሲሶውን የሚችለው የፌዴራሉ መንግሥት ሆነ።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ያለ ቅድመ ሁኔታ አልመጣም። ግዛቱ ከራሱ ገንዘብ እንዲያዋጣ፣ ርዳታው በሁሉም ካውንቲዎች እኩል እንዲሠራበት፣ አንድ የግዛት መሥሪያ ቤት ሥራውን እንዲመራው ወይም እንዲቆጣጠረው፣ ርዳታ የተከለከለ ሰውም አቤቱታው እንዲሰማለት ሕጉ ያስገድድ ነበር። በ1939 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ሠራተኞች በዝምድና ወይም በፖለቲካ ወገንተኝነት ሳይሆን በችሎታቸው እንዲቀጠሩ ታዘዘ። የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ በካውንቲ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ቀድሞ በተመልካቹ ሹም ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ምጽዋት፣ ባለጉዳዩ በሕግ የሚጠይቀው መብት ወደ መሆን ተቃረበ።

በካሊፎርኒያ ይህን ሥራ በበላይነት የሚመራው ሕዝብ ለአራት ዓመት የሚመርጠው የተቆጣጣሪዎች ምክር ቤት ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በቀር ምክር ቤቱ አምስት አባላት አሉት። የሥራው ጠባይ ከሌሎች ምክር ቤቶች ይለያል፤ ደንብ ማውጣትም፣ ማስፈጸምም፣ በጀት ማጽደቅም የዚሁ የአንዱ አካል ተግባር ነውና። ከ1953 ወዲህ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ሕግ ያዝዛል። የበጀቱ ዘመን ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር ሲሆን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት፣ የጤናና የአእምሮ ጤና መምሪያዎች ዕቅዳቸውን ለዚሁ ምክር ቤት ያቀርባሉ። ከገንዘቡ ከፍተኛው ክፍል ግን ከላይ የሚመጣና ለተወሰነ ተግባር ብቻ እንዲውል የታሰረ በመሆኑ፣ ምክር ቤቱ በነፃ የሚያዝበት ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው።

ብዙው አገልግሎት የሚሰጠውም በመንግሥት ሠራተኛ ብቻ አይደለም። መጠለያ የሚያዘጋጁ፣ አረጋውያንን የሚመግቡና የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞችን የሚያክሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከካውንቲው ጋር ውል ይዋዋላሉ። ካውንቲው በውሉ ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ዓይነት፣ የተረጂውን ቁጥርና የክፍያውን ሥርዓት ይወስናል፤ ሰነድ ይመረምራል፣ ተቆጣጣሪ ይልካል፣ ሒሳቡንም ያስመረምራል። በየካውንቲው በየዓመቱ የሚሰየመው የዜጎች መርማሪ ጉባኤ ደግሞ የራሱን የካውንቲውን አሠራር መርምሮ ለሕዝብ ያሳውቃል። ድርጅቱን ካውንቲው፣ ካውንቲውን ግዛቱ፣ ግዛቱን የፌዴራሉ መንግሥት ይቆጣጠራል ማለት ነው። የዚህ ሰንሰለት ጥቅሙ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን መጠበቁ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ለባለጉዳዩ ሊውል ይችል የነበረው የባለሙያው ጊዜ ቅጽ በመሙላት ማለቁ ነው።

የተስፋና የገንዘብ አለመመጣጠን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ ነው። በ1957 ሾርት ዶይል በተባለው ሕግ፣ ሕሙማንን በአካባቢያቸው ለሚያክሙ ካውንቲዎች ግዛቱ የወጪውን ግማሽ ለመክፈል ተስማማ፤ ድርሻውም ኋላ ወደ 75፣ ቀጥሎም ወደ 90 በመቶ ከፍ አለ። በ1967 የወጣው የላንተርማን፣ ፔትሪስና ሾርት ሕግ ደግሞ ሰውን ያለ ፈቃዱ በሆስፒታል ማቆየትን በብርቱ ገደበ። ሐሳቡ ሰብአዊ ነበር። ታላላቆቹ የግዛት ሆስፒታሎች ግን በሕሙማኑ ፋንታ የሚያገለግለው የአካባቢ ሕክምና በሚገባ ሳይደራጅ ባዶ ሆኑ። ገንዘቡም ሕመምተኛውን ተከትሎ በበቂ መጠን ወደ ካውንቲው አልመጣም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዱላ የበለጠ ከባድ ነበር። በሰኔ ወር 1978 ሕዝቡ ዐሥራ ሦስተኛው ውሳኔ ሕዝብ የተባለውን አጸደቀ። በዚህም የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከአንድ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። የንብረት ግብር ገቢ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ግዛቱ ከመጠባበቂያው አውጥቶ ካውንቲዎችን ደገፈ፤ ነገር ግን ከ1601 ጀምሮ የአካባቢ ርዳታ የቆመበት ምሰሶ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተናጋ። ግዴታው ግን አልተነካም። በ1965 የተደነገገው የማኅበራዊ ርዳታ ሕግ አንቀጽ 17000፣ ከዘመድም፣ ከራሱ ሀብትም፣ ከሌላ ተቋምም ረዳት ያላገኘውን ችግረኛ ነዋሪ ካውንቲው እንዲረዳ ያስገድዳል። ካውንቲ የመጨረሻው በር ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

የዚህን በር ትርጉም በዚያ ዘመን የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንም ያውቁታል። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለአዲስ መጦች የሚሰጠውን ርዳታ የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 36 ወር ድረስ እንዲሸፍን ይፈቅድ ነበር፤ በካሊፎርኒያ ርዳታውን የሚያድሉት ደግሞ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ልጅ ለሌላቸው ስደተኞች የሚሰጠው ልዩ የገንዘብ ርዳታ በ1982 ወደ 18፣ በ1988 ወደ 12፣ በ1991 ወደ 8 ወር እየተቀነሰ ሄደ። የጊዜ ገደቡ ያለቀበትና ሥራ ያላገኘ ሰው የሚያንኳኳው የካውንቲውን ጠቅላላ ርዳታ በር ሲሆን፣ የዚህ ርዳታ ወጪ በካውንቲው ላይ የሚወድቅ ነው።

በ1991 የካሊፎርኒያ መንግሥት 14 ቢልዮን ዶላር ያህል የበጀት ጉድለት በገጠመው ጊዜ፣ የአእምሮ ጤናን፣ የሕዝብ ጤናንና የማኅበራዊ አገልግሎትን ኃላፊነት በሰፊው ወደ ካውንቲዎች አዛወረ፤ ለዚህም ከሽያጭ ታክስና ከተሽከርካሪ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ገቢ መደበላቸው። ምንጩ መታወቁ ለዕቅድ ይረዳል። ሆኖም ገበያ ሲቀዘቅዝ የሽያጭ ታክስም ስለሚቀንስ የ1929 ጉድለት በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1995 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ እጅግ ከመቸገሩ የተነሣ ታላቁን የሕዝብ ሆስፒታል እስከ መዝጋት የሚደርስ ሐሳብ ቀረበ። ጥፋቱ የተገታው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በዚያው ዓመት መስከረም 364 ሚልዮን ዶላር የሚያህል የፌዴራል ድጋፍ ባስታወቁ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልረጋም። በ2004 ሕዝቡ ከአንድ ሚልዮን ዶላር በላይ በሆነ ዓመታዊ ገቢ ላይ ለአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚውል የአንድ በመቶ ግብር ጣለ። በ2011 የሕፃናት ጥበቃ ወጪ ወደ ካውንቲዎች ተዛወረ። በመጋቢት ወር 2024 ደግሞ በጠባብ ልዩነት በጸደቀ ውሳኔ ከዚሁ የአእምሮ ጤና ገንዘብ ካውንቲዎች ከሚደርሳቸው 30 በመቶው ለመኖሪያ ቤት ጉዳይ እንዲውል ታዘዘ። አንዳንዶች ቤት የሌለው ሕመምተኛ ሊድን አይችልም ብለው ደገፉት፤ ሌሎች ከሕክምናው ተቀንሶ ነው ብለው ተቃወሙት። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ገንዘቡ ግን ለሁለቱም ፍላጎቱ አይበቃም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይቻላል። የአካባቢ አስተዳደር ለሕዝቡ ቅርብ በመሆኑ ችግሩን ከሌላው ቀድሞ ያያል፤ ይህ የማይናቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቅርበት ገንዘብ አይሆንም። ግዴታን ወደ ታች አውርዶ የገንዘቡን ምንጭ ከላይ መያዝ ያልተማከለ አስተዳደር ይባል እንጂ፣ በተግባር ችግሩን ከዓይን ማራቅ ሊሆን ይችላል። ቁጥጥርም ቢሆን የሚመዘነው በተመረመረው ሰነድ ብዛት ሳይሆን ርዳታው በጊዜው ከባለጉዳዩ እጅ በመድረሱ ነው። ሕግ አውጪው ሩቅ ነው፤ በጀት መዳቢውም ሩቅ ነው። ከባለጉዳዩ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባለሙያው ነውና፣ ያየውን ለምክር ቤቱ በቁጥርና በማስረጃ ማስረዳት የሙያው ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን የሙያው ዋና ክፍል ነው።