መርከብ ወደብ ስትደርስ የምትናገረው ቋንቋ

የባሕር ሥራ ከጥንት ጀምሮ የብዙ ሕዝቦች የጋራ ሙያ እንደመሆኑ መጠን፣ መርከብና ወደብ የሚግባቡበት ቃል የሰዋስው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቃል ተዛብቶ ቢሰማ መርከብ ከመርከብ ሊጋጭ፣ ከአለት ሊላተም ይችላልና።

ለዚህ ቀደምት ምሳሌ የሚሆነው የቀኝና የግራ ስያሜ ነው። በእንግሊዝኛ የመርከብ ቀኝ ጎን «ስታርቦርድ» የተባለው በጥንት ጊዜ መሪ መቅዘፊያው በዚያ ጎን ይታሰር ስለነበር ነው። ግራው ደግሞ «ላርቦርድ» ይባል ነበር። በነፋስና በማዕበል ጩኸት መካከል ሁለቱን ድምፆች መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844 ላርቦርድ ቀርቶ «ፖርት» እንዲባል አዘዘ።

የሬዲዮ ስልክ ሲስፋፋ ችግሩ መልኩን ለወጠ። እንግሊዝኛን የሚናገሩት በአብዛኛው አፋቸውን ያልፈቱበት መርከበኞች ሆኑ። ስለዚህም በ1977 ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት መደበኛ የባሕር ጉዞ ቃላትን አጸደቀ። በሚያዝያ 1990 «ስካንዲኔቪያን ስታር» በተባለችው መርከብ ላይ በተነሣው ቃጠሎ ከ150 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ባሕርተኞቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከተሳፋሪው ጋር መግባባት አለመቻላቸው ጉዳቱን እንዳባባሰው ታወቀ። በኅዳር 2001 የጸደቀው መደበኛ የባሕር መገናኛ ሐረጎች የዚህ ሁሉ ትምህርት ውጤት ነው።

የሐረጎቹ ጥበብ በቁጥብነታቸው ላይ ነው። መቶ ሃምሳ የሚለው ቁጥር «አንድ፣ አምስት፣ ዜሮ» ተብሎ በተናጠል ይነገራል። ከመልእክቱ አስቀድሞ ጥያቄ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ትእዛዝ መሆኑ ሊገለጽ ይችላል። ወደ ወደቡ መተላለፊያ ለመግባት የሚፈልግ መኮንንም «ሜይ» በሚለው አሻሚ ቃል ከመጠየቅ ይልቅ «ጥያቄ፤ ፈቃድ አለኝ?» እንዲል ይመከራል።

ይህ ምክር አማርኛ ተናጋሪውን በቀጥታ ይመለከታል። በቋንቋችን «መግባት እችላለሁ?» ሲባል ፈቃድንም አቅምንም መጠየቅ ነው። «ትችላለህ» የሚለውም መልስ እንዲሁ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ተቋቁሞ መርከቦቹ ከአሰብና ከምፅዋ ወደ ዓለም ወደቦች ይመላለሱ በነበረበት ዘመንም፣ ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላም፣ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚናገር መኮንን ይህንኑ አሻሚነት ሳያውቀው ይዞ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ለሙያው የሚዘጋጅ ወጣት የቃላት ዝርዝር መሸምደዱ ብቻ አይበቃውም። የሰማውን መልሶ ማረጋገጥ፣ ያልተረዳውንም ያለ ሐፍረት «ድገምልኝ» ማለት ሊለምድ ይገባል። ቃሉ ጠባብ ቢመስልም የብዙ ሰው ሕይወት ያረፈው በእርሱ ላይ ነውና።